እናቴን ከበሽታው ስንጠብቅ ከሰው ነጠልናት

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ዓርብ ዕለት ጤና ሚኒስቴር የመጀመሪያው የኮሮና ቫይረስ ታማሚ በአገራችን መገኘቱን ሲያስታውቅ እኔ ቢሮ ነበርኩ፡፡ ታማሚው ከቡርኪናፋሶ የመጡ የ48 ዓመት ጃፓናዊ መሆናቸው ተነገረ፡፡ ከሥራ ስወጣ በየፋርማሲው ደጃፍ ሰልፍ ነበር፤ የሎሚና የነጭ ሽንኩርት ዋጋ ደግሞ በሰዓታት ውስጥ አልቀመስ አለ፡፡ ያን ዕለት ማታ ጀሞ ከሚኖረው ወንድሜና አሜሪካ ካለችው እህቴ ጋር በስልክ ተማከርን፡፡ ፉሪ ከእኔና ከልጆቼ ጋር የምትኖረውን የ78 ዓመት እናታችንን እንዴት ከበሽታው እንደምንጠብቅም ወሰንን፡፡ ሳንጠይቃት የቀረነው እሷኑ ራሷን ነበር፡፡

ውድ አንባቢያን፣ ይህ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል፡፡ የዓለም ጤና ድርጅትም ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ኮሮና ዓለም አቀፍ የጤና ሥጋት መሆኑ ማብቃቱን አውጇል፡፡ ታዲያ አሁን ለምን አነሳሁት? ወረርሽኝ ተመልሶ መምጣቱ የማይቀር በመሆኑና ያኔ በቤታችን የሠራነው ስህተት የብዙ ቤት ስህተት እንደነበር ከወዳጅ ዘመድ ስለሰማሁ ነው፡፡ ስህተቱም አዛውንትን ከበሽታ መጠበቅና ከሰው መነጠል አንድ ነገር መምሰላቸው ነው፡፡

ፍርኃቱ ከንቱ አልነበረም

በመጀመሪያ ለራሳችን እንፍረድ፡፡ በሽታው ዕድሜ እንደሚመርጥ ከቻይናና ከጣሊያን የሚመጣው ዜና በየቀኑ ይነግረን ነበር፡፡ ዕድሜ ሲገፋ የሰውነት የመከላከል አቅም አዲስ ተዋሲያንን ለይቶ ለመምታት ይዘገያል፤ ዘግይቶ ሲነሳ ደግሞ አንዳንዴ ልክ ያጣና የገዛ ሳምባን ይጎዳል፡፡ በዚያ ላይ የደም ግፊት፣ የስኳር ወይም የልብ ሕመም ካለ ጉዳቱ ይበረታል፡፡ እናቴ ደግሞ ግፊት ካገኛት ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗታል፡፡ መጋቢት 27 ቀን በአገራችን በበሽታው መሞታቸው የተነገረው የመጀመሪያዋ ሟች የ60 ዓመት እናት ነበሩ፤ ያንን ዜና የሰማን ዕለት በቤታችን እራት የበላ የለም፡፡

በአውሮፓ በመጀመሪያው ማዕበል በበርካታ አገሮች ከሞቱት ሰዎች እስከ ግማሽ የሚጠጉት የአረጋውያን መንከባከቢያ ተቋማት ነዋሪዎች እንደነበሩ የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮ በወቅቱ ገልጿል፡፡ እኛ ጋ ግን እንደ መቄዶንያ ባሉ ማዕከላት ከሚጦሩት በቀር አዛውንቶቻችን የሚኖሩት ከልጅና ከልጅ ልጅ ጋር ነው፡፡ ይህ በረከት ነው፡፡ በወረርሽኝ ጊዜ ግን በሽታው ወደ አዛውንቱ የሚደርሰው ከታክሲ ወርዶ፣ ከቢሮ ተመልሶ፣ ከትምህርት ቤት መጥቶ በሚስማቸው ሰው በኩል ነው ማለትም ነው፡፡

የእኛም ሰፈር ከዚህ የተለየ አይደለም፡፡ ፉሪ በከተማዋ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ ከለቡ ባቡር ጣቢያ ማዶ በፉሪ ተራራ አቅራቢያ ያለ ሠፈር ነው፡፡ ከፊሉ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ሥር ሲሆን፣ አለፍ ሲል ያለው ዛሬ ሸገር ከተማ በሚባለው ሥር ነው፡፡ የፉሪ ሰው በአብዛኛው ጧት ወደ መሀል ከተማ ሄዶ ማታ የሚመለስ ነው፡፡ ያኔ ታክሲና አውቶቡስ የሚጭኑት ሰው በግማሽ ቀንሶ ታሪፉ በእጥፍ ሲጨምር እንኳ መሄድና መምጣቱ አልቀረም፡፡ እኔም ከእነዚያ አንዷ ነበርኩ፡፡

ያወጣነው ደንብ

መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ሲከለከል፣ እኛ ቤት የወጣው ደንብ ከአዋጁ የባሰ ነበር፡፡ እናቴን ከትልቁ ቤት አውጥተን ግቢ ውስጥ ካሉት ሰርቪስ ክፍሎች አንዷን አጸዳንላት፡፡ ምግቧን በራፏ ላይ አስቀምጠን፣ አንኳኩተን እንመለሳለን፡፡ የልጅ ልጆቿ በመስኮት እጃቸውን ያውለበልቡላታል፡፡ ቡና ሊጠጡ የሚመጡትን ጎረቤቶች ከውጭ በር እንመልሳለን፡፡ ቤተ ክርስቲያን መሳም ቀረ፤ ሚያዝያ 11 ቀን የዋለውን የትንሣኤ በዓልም እንደ ብዙው ምዕመን ቅዳሴውን በቴሌቪዥን ተከታትላ ብቻዋን ፈሰከች፡፡ የዕድሯን ወርኃዊ መዋጮ እኔ እከፍልላት ጀመር፡፡ "ደህና ነሽ እማዬ?" ስንላት "እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ" ትለናለች፡፡ እኛም በዚህ ረክተን እንተኛለን፡፡

ግንቦት ውስጥ አንድ ማለዳ ከአልጋዋ ስትነሳ ዞሮባት ወደቀች፡፡ ኮሮና ነው ብለን ክፉኛ ደነገጥን፡፡ ክሊኒክ ወስደን ስትለካ የግፊቷ የላይኛው ቁጥር ከ190 በላይ ሆኖ ተገኘ፡፡ ሐኪሙ "መድኃኒቷን በትክክል እየወሰደች ነው?" ብሎ ሲጠይቀኝ መልስ አልነበረኝም፡፡ በአንድ ግቢ እየኖርን አላውቅም ነበር፡፡

ነገሩ ቀላል ነው፡፡ የመድኃኒት ቀጠሮዋ መጋቢት መጨረሻ ላይ ነበር፡፡ ከቤት እንዳትወጣ ስንከለክላት ስለ ቀጠሮዋ የጠየቃት ሰው የለም፡፡ እሷም እንክብሉን በቢላ ለሁለት እየከፈለች የአንድ ወሩን ለሁለት ወር አብቃቅታዋለች፡፡ "ለምን አልነገርሽንም?" ብዬ ስቆጣ፣ "እናንተ በእኔ የተነሳ እንዲህ ስትባዝኑ በምን አፌ ልናገር ልጄ?" አለችኝ፡፡ ኮሮና ሳይደርስባት እኛ ቀድመን ልናጠፋት ነበር፡፡

መድኃኒቱን መቁጠር

ከዚያ ቀን የተማርኩት የመጀመሪያው ነገር ወረርሽኝ ሲመጣ የነበረው በሽታ እረፍት እንደማይወጣ ነው፡፡ በሁሉም አገር የታየ ነገር ነው፤ ሰዎች ጤና ተቋም መሄድ በመፍራታቸውና ቀጠሮ በመሰረዛቸው ከወረርሽኙ ሌላ በቆዩ ሕመሞቻቸውም ተጎድተዋል፡፡ ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የእናትን ወይም የአባትን መድኃኒት አውጥቶ መቁጠር ነው፡፡ ስንት ፍሬ ቀረ? የሚቀጥለው ቀጠሮ መቼ ነው? እኛ ከግንቦት በኋላ ሐኪሙን ስንጠይቅ የሦስት ወር በአንዴ ጻፈልን፤ ሁኔታዋ ከተረጋጋ በኋላ መድኃኒቱን እኔ እንዳመጣላትም ተስማማ፡፡ ቀድመን ብንጠይቅ ኖሮ እንክብል በቢላ መከፈል አያስፈልግም ነበር፡፡

ሁለተኛ፣ የመድኃኒቶቹን ስምና መጠን፣ የሚቆጣትን ነገርና የሐኪሟን ስልክ በወረቀት ጽፎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ነው፡፡ ይህ ወረቀት የሚጠቅመው ሁሉን የምታውቀው ልጅ ራሷ ታማ በተኛች ቀን ነው፡፡ የእኛ ቤት ወረቀት በሦስተኛው ወር አገልግሎት ላይ ዋለ፡፡

"ደህና ነኝ" መልስ አይደለም

ነሐሴ ላይ በሽታው ቤታችን ገባ፡፡ ያመጣሁት እኔ ሳልሆን አልቀርም፤ ቡናው እየተቆላ ሽታው አልመጣ ሲለኝ ነው የነቃሁት፡፡ ሦስተኛው ቀን ላይ እናቴ የቡናዋን ሁለተኛ ሳትጠጣ "በቃኝ" አለች፡፡ በማግስቱ የልጅ ልጇን በእኔ ስም ጠራቻት፡፡ እኔ ከመኝታ ክፍሌ ስላልወጣሁ ወንድሜ ከጀሞ መጣ፡፡ ያስጠራው ባለሙያም መለኪያውን ግንባሯ ላይ አነጣጥሮ 36.4 አገኘ፡፡ ሳል የላትም፡፡ ስትጠየቅ "ደህና ነኝ፣ ትንሽ ድካም ነው" አለች፡፡ ሁላችንም ተነፈስን፡፡

ያኔ ያላወቅነው፣ ዛሬ ግን ማንም ሊያውቀው የሚገባው ነገር ይህ ነው፡፡ አዛውንት ሲታመሙ ትኩሳት ላይኖራቸው ይችላል፡፡ ትኩሳት የሰውነት የመከላከል ምላሽ ነው፤ በዕድሜ ይህ ምላሽ ስለሚደክም ከባድ ኢንፌክሽን ያለበት አዛውንት ሙቀቱ እንደ ጤነኛ ሊሆን ይችላል፡፡ በምትኩ የሚታየው ሌላ ነው፤ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ ድንገተኛ መቀባዠር፣ መውደቅ፣ ከወትሮው ውጪ መተኛት፡፡ ይህን የሚያየው ደግሞ የሰውየውን የወትሮ ሁኔታ የሚያውቅ ሰው ነው፡፡ የእናቴን ሕመም የነገረን መሣሪያው አልነበረም፤ ያልተጠጣው ሁለተኛ ስኒ ነበር፡፡

ስለዚህ "ደህና ነሽ?" የሚለውን ጥያቄ ትተነዋል፡፡ የእኛ አገር እናት ለዚህ ጥያቄ መልሷ አንድ ብቻ ነው፡፡ አሁን የምንጠይቀው "ዛሬ ምን በላሽ? ሌሊት ስንቴ ተነሳሽ? ከአልጋ እስከ በር ስትሄጂ ደከመሽ? መድኃኒትሽን ከየትኛው ወሰድሽ?" እያልን ነው፡፡ በስልክ የምትጠይቀው አሜሪካ ያለችው እህቴም እነዚህኑ ትጠይቃለች፤ መልሱ ሲለወጥም ትደውልልኛለች፡፡

ሌላው ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ነው፡፡ በኮሮና ሰውየው ትንፋሽ ሳያጥረው ኦክስጅኑ ሊወርድ ስለሚችል ይህች ትንሽ መሣሪያ ብዙ ሰው አትርፋለች፡፡ እኛም ከጎረቤት ተውሰን ስንለካት 84 አሳየ፡፡ እዚህ ላይ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፡፡ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የጤናማ ሰው ቁጥርም ባሕር ዳር ከሚኖር ሰው ትንሽ ዝቅ ሊል ይችላል፡፡ የቀዘቀዘ ጣትና የጥፍር ቀለምም ንባቡን ያዛባሉ፡፡ ስለዚህ መሣሪያው ካለ አዛውንቱን በጤናማ ቀን፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ለክቶ የራሳቸውን ቁጥር መጻፍ ነው፡፡ በሕመም ቀን ከዚያ ቁጥር በግልጽ ከወረደ ሐኪም ማማከር፤ ከ90 በታች ከሆነ ግን ሌላ ነገር ሳይጠብቁ ወደ ሕክምና መሄድ ነው፡፡

"ወስዳችሁ አትጥሉኝ"

እናቴ ግን አልሄድም አለች፡፡ የፈራችው በሽታውን አልነበረም፡፡ የሰማችው ወሬ ሌላ ነበር፤ የገባ አይወጣም፣ የሞተ በላስቲክ ተጠቅልሎ ያለ ለቅሶ ይቀበራል የሚል፡፡ "ወስዳችሁ አትጥሉኝ፤ ከሞትኩም እዚሁ ልሙት" አለች፡፡ ወንድሜ ሊያስገድዳት ፈልጎ ነበር፡፡

ያን ጊዜ ነው በአምስት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በሥርዓቱ ያነጋገርናት፡፡ እኔ በማስክ ታፍኜ ከመስኮት ውጪ ቆሜ ነበር፡፡ "እማዬ፣ ምን ብናደርግልሽ ትሄጃለሽ?" አልኳት፡፡ ዝም ብላ ቆየችና ሦስት ነገር ጠየቀች፡፡ የንስሐ አባቷ እንዲነገራቸው፤ ስልኳ ከእሷ ጋር እንዲሄድና በየቀኑ ጧትና ማታ እንዲደወልላት፤ ክፉ ነገር ከመጣ ደግሞ አባቴ ካረፉበት ደብር እንድትቀበር፡፡ የንስሐ አባቷ ወዲያው በስልክ አጽናኗት፤ "ሕክምናም የእግዚአብሔር ነው" አሏት፡፡ ስልኩን ከነቻርጀሩ በላስቲክ ከረጢት አደረግንላት፡፡ ግድግዳው ላይ የነበረውን የመድኃኒት ወረቀትም አብረን ላክነው፡፡ አምቡላንሱ ሲመጣ ራሷ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች፡፡ አሥራ አንድ ቀን ኦክስጅን ላይ ቆይታ በእግሯ ተመለሰች፡፡

ሁሉም እንዲህ አልታደለም፡፡ በአገራችን በምርመራ የተረጋገጠው ሟች ብቻ ከ7,500 በላይ ነው፡፡ እኔ የምለው ይህንን ነው፤ አዛውንት ሕክምና ሲከለክሉ ግትርነት ነው ብሎ ከመቆጣት በፊት የሚፈሩትን መጠየቅ ይቅደም፡፡ ጥያቄው ደግሞ በሽታው ሳይገባ፣ ሰው ተረጋግቶ በሚነጋገርበት ቀን ቢሆን ይመረጣል፡፡ የት መታከም ይፈልጋሉ? ማን አብሯቸው እንዲሆን ይሻሉ? ይህን መጠየቅ ሟርት የሚመስለው አለ፡፡ እናቴ ግን "ዛሬ ገና ሰው አደረጋችሁኝ" ነው ያለችው፡፡

ትንፋሽን መለየት፣ ሰውን አለመለየት

ከሆስፒታል ስትመለስ ወደ ሰርቪሷ አልመለስናትም፡፡ ወረርሽኙ ግን ገና አላለፈም ነበር፡፡ ታዲያ ምን ተደረገ?

በ2012 ዓ.ም. ሁላችንም ትኩረታችን እጅ መታጠብና ዕቃ ማጽዳት ላይ ነበር፡፡ እኔ ሽንኩርት ሳይቀር በአልኮል እጠርግ ነበር፡፡ በኋላ በሚገባ የታወቀው ግን ኮሮና ከሁሉ በላይ የሚተላለፈው በትንፋሽ፣ በተለይም በተዘጋ ክፍል ውስጥ በሚጠራቀም አየር መሆኑ ነው፡፡ ይህ ለአዛውንት መልካም ዜና ነው፡፡ ግቢ ውስጥ፣ ዛፍ ጥላ ሥር፣ በሁለት እርምጃ ርቀት ተቀምጦ መጫወት በተዘጋ ሳሎን ከመሰብሰብ እጅግ ይሻላል ማለት ነውና፡፡ መስኮት መክፈት ወጪ የለውም፡፡ "ብርድ ይመታታል" የሚለው ሥጋት ካለ ጋቢ መደረብ ይቻላል፡፡ ከውጭ የሚመለስ ሰው ቤት ውስጥ አዛውንቱ ዘንድ ሲቀርብ ማስክ ያደርጋል፤ የታመመ ሰው ደግሞ አይቀርብም፡፡

እናቴ ይህን ሲነግሯት የራሷን መላ አመጣች፡፡ ከጎረቤት ሁለት እናቶች ጋር ቡናውን ደጅ አወጡት፡፡ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ስኒና በርጩማ ይዘው ይመጣሉ፤ ጀበናው መሀል ላይ ይቀመጣል፤ የሚቀዳውም አንድ ሰው ነው፡፡ የዕድር ወሬ፣ የታመመና የሞተ ሰው ወሬ እዚያ ይደረሳል፡፡ ሐዘንተኛ ቤት መግባት ባይቻል በስልክ ያለቅሳሉ፤ ንፍሮና እንጀራ በልጅ ይልካሉ፡፡ ይህንን ያወጡት ራሳቸው ናቸው፤ እኛ የተማርን ልጆች ያወጣነው ደንብ ግን ክልከላ ብቻ ነበር፡፡

ጤና አዳሙ፣ ዝንጅብሉና ፌጦውም ነበሩ፡፡ በእነሱ ላይ ጦርነት መክፈት አያስፈልግም፤ ትኩስ ነገር መጠጣት ያጽናናል፡፡ የሐኪምን መድኃኒት እንዳይተኩና ከፈላ ውኃ ላይ መታጠን ደካማን ሰው እንዳያቃጥል ግን መጠንቀቅ ነው፡፡ ክትባቱ ከየካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ አገር ሲገባ፣ ከጤና ባለሙያዎች ቀጥሎ ለአዛውንትና ሥር የሰደደ ሕመም ላለባቸው ተሰጠ፡፡ ጎረቤቶቿ ሲያመነቱ ቀድማ የተወጋችው እናቴ ናት፡፡ ከማንኛውም ማስታወቂያ በላይ እነሱን ያሳመነው የእሷ በማግስቱ ቡና ላይ መገኘት ነው፡፡

የሚቀጥለው ሲመጣ

ወረርሽኝ ሁሉ አንድ አይደለም፡፡ ኅዳር 2018 ዓ.ም. በጂንካ የተከሰተው ማርበርግ የሚተላለፈው ከታማሚ ሰውነት በሚወጣ ፈሳሽ ንክኪ ነውና በእንዲህ ያለው ጊዜ በቤት ውስጥ በእጅ ማስታመም አደጋ ነው፤ ወዲያው ለጤና ባለሙያ ማሳወቅ ይገባል፡፡ ኮሌራ ሲሆን ደግሞ መንገዱ ውኃና ምግብ ነው፤ አዛውንት ፈሳሽ ሲያልቅባቸው ቶሎ ስለሚደክሙ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር /ኦአርኤስ/ ጀምሮ በሰዓታት ውስጥ ጤና ተቋም ማድረስ ነው፡፡ ስለዚህ አዲስ በሽታ ሲሰማ የመጀመሪያው ጥያቄ "በምን ይተላለፋል?" የሚለው ይሁን፡፡ መዘጋት ያለበት ያ መንገድ ብቻ ነው፡፡ ስልኩ፣ ወሬው፣ ጸሎቱ፣ ምክሩ አብረው መዘጋት የለባቸውም፡፡

እናቴ ከሆስፒታል ከተመለሰች በኋላ ስለ ኅዳር በሽታ አወራችኝ፡፡ በ1911 ዓ.ም. የዓለም የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አገራችን ገብቶ በአዲስ አበባ ብቻ አሥር ሺህ የሚጠጋ ሰው እንደፈጀ ይገመታል፡፡ ዛሬም በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ የምናጥነው ከዚያ ጋር ተያይዞ ነው፡፡ አያቴ ያኔ ልጅ ነበሩ፡፡ ለእናቴ የነገሯት "ሰውን የጨረሰው በሽታው ብቻ አይደለም፤ ሁሉም በየቤቱ ወድቆ ውኃ የሚያቀብል መጥፋቱም ነው" ብለው ነበር፡፡ ይህን ታሪክ እናቴ ስታውቀው ኖራለች፡፡ መጋቢት 4 ቀን ማታ ጠይቀናት ቢሆን ኖሮ ያን ጊዜውኑ ትነግረን ነበር፡፡

አሁን 84 ዓመቷ ነው፡፡ መድኃኒቷን በየወሩ መጀመሪያ አብረን እንቆጥራለን፡፡ ወረቀቱ ዛሬም ግድግዳው ላይ አለ፤ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል፡፡ ቡናዋንም እስከ ሦስተኛው ትጠጣለች፡፡

ቸር ይግጠመን፡፡